የዘጠና ሰባቱ መዝገብ

ወይዘሮ ተሻለች ሞተው የተገኙት ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአስር ላይ፣ ከአሮጌው መዝገብ ቤት ጀርባ፣ ከድንጋዩ ደረጃ ሥር ነው። አንድ ጫማቸው ከላይ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቀርቷል። አዲሱ ነጠላቸው ግን ከትከሻቸው አልወረደም፤ ላያቸው ሰው ድግስ ሄደው ደክሟቸው ጋደም ያሉ ይመስሉ ነበር።

ድግሱ እውነት ነው። ምዕራብ ብርሃን ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎለታል፤ የዓለም ባንክ ሰፈር ሰው ግን አሁንም «ኮሌጁ» ነው የሚለው። የ1997 ዓ.ም. ተመራቂዎች በሃያ ዓመታቸው ሊገናኙ ተጠራርተው፣ ዓርብ ገብተው በእንግዳ ማረፊያው አድረው፣ በዚያች ሰዓት ስልሳ ሰው አንድ ዓይነት ነጭ ቲሸርት ለብሶ ፊት ለፊት ባለው መስክ ላይ ፎቶ ይነሳ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት አገልግለው ጡረታ የወጡት ወይዘሮ ተሻለች የክብር እንግዳ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ካባ ሊደረብላቸው ታስቦ ነበር። ካባው ከነፌስታሉ ወንበር ላይ ቀረ።

ያገኟቸው ዘበኛው አቶ ይገዙ ናቸው። ትንፋሽ ያላቸው መስሏቸው ታቅፈው ቀና ሊያደርጓቸው ሞከሩ። ጋቢያቸው በደም ራሰ። ሽማግሌውን ጣጣ ውስጥ የከተታቸው ያ ጋቢ ነው።

ኢንስፔክተር ገሜዳ ያደሳ ከሳጅን አልማዜ ጋር ሲደርስ በሩ ላይ የተሰቀለውን ጨርቅ ቆሞ አነበበ። «እንኳን ወደ ቤታችሁ በሰላም መጣችሁ» ይላል። እሱም በዚህ በር በ1994 ገብቷል፣ ከነዚሁ ሰዎች ጋር። እነሱ አራት ዓመት ቆይተው ጋውን ለብሰው ወጡ፤ እሱ በመጀመሪያው መንፈቅ ፍራሹን ጠቅልሎ ወጣ። ዜሮ ነጥብ ስምንት። ውጤቱ የተለጠፈው በመታወቂያ ቁጥር ብቻ ስለነበር ማንም የማን እንደሆነ ባላወቀ። ታዲዮስ የሚባል ልጅ ግን በቀይ እስክሪብቶ ከቁጥሩ ጎን ስሙን ጻፈለት። ዕቃውን እስኪያወጣ በነበሩት ሦስት ቀናት ገሜዳ የሚለው ስም ቀረ፤ «ነጥብ ስምንት» ተባለ።

ስልሳውን ሰው አቋርጦ ሲያልፍ ለመታወቂያው መንገድ ለቀቁለት እንጂ ፊቱን ያየ አልነበረም። እሱ ግን አንድ በአንድ ለያቸው። ወፍረዋል፣ ተመልጠዋል፣ የአንዳንዶቹ ሆድ ቲሸርቱን ወጥሮታል። ማን የማንን ማስታወሻ ይሰርቅ እንደነበር፣ ማን ካፌ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሰለፍ እንደነበር ሁሉ ትዝ ይለዋል። የተባረረ ሰው የሚረሳው ነገር የለም።

ሐኪሙ ሬሳውን አይቶ ሲጨርስ፣ ከሞቱ ሁለት ሰዓት ግድም ሆኗቸዋል፣ የጭንቅላታቸው ጀርባ ከደረጃው ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል አለ። የቀኝ ክንዳቸውን ገልጦ አሳየው። አራት የጣት ምልክት ተሰልፎበታል። ሰው ይዟቸው ነበር ማለት ነው።

መዝገብ ቤቱ ክፍት ነው፤ ቁልፉ በሩ ላይ ተሰክቶ ቀርቷል። ውስጡ አቧራና የአይጥ ሽታ ነው። የውጤት መዝገቦቹ በአንድ ዓይነት ጥቁር ጥራዝ፣ ዓመታቸው ጀርባቸው ላይ ተጽፎ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል ተደርድረዋል። አልማዜ ባትሪዋን አብርታ መደርደሪያውን ስትከተል አንድ ቦታ ላይ ቆመች። በዘጠና ስድስትና በዘጠና ስምንት መካከል አንድ ጥራዝ የሚያህል ክፍተት አለ፤ ክፍተቱ ላይ አቧራ የለም።

አቶ ይገዙ ቃላቸውን ሲጠየቁ ቁልፉን ለማንም አልሰጠሁም አሉ። ቁልፉ በሩ ላይ ምን ይሠራል ሲባሉ ያንኑ ደገሙ። ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ በፒክአፕ ተጭነው ወደ መምሪያው ሄዱ።

ኮማንደር ሮቤራ ራሱ መጥቶ ነበር። ከእንግዶቹ መካከል ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ስላሉ ለሌላ ሬሳ የማይነሳው ኮማንደር ለዚህ ተነሳ። ሁለተኛ ዲግሪውን በቅዳሜና እሁድ ትምህርት ይዟል። ገሜዳ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ኢንስፔክተርነት ላይ ቆሟል፤ እድገት ሲመጣ የሚጠየቀው ወረቀት የለውማ። ሃያ ሁለት ዓመት የፈታው ወንጀል ቢደረደር ግን ያንን መደርደሪያ ይሞላ ነበር።

«ጋቢው ደም፣ ቁልፉ የሱ፣ ቃሉ ውሸት» አለ ኮማንደሩ። «ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«የዘጠና ሰባትን መዝገብ እፈልጋለሁ።»

«አይጥ በልቶት ይሆናል።»

«ጌታዬ፣ ሽማግሌው ማንበብ አይችሉም። ደመወዝ የሚፈርሙት በጣታቸው ነው። ከሠላሳ ተመሳሳይ ጥራዝ ውስጥ የነዚህን ሰዎች ዓመት ለይተው የሚያወጡት እንዴት ነው?»

ኮማንደሩ ፊቱን አጠቆረ። ከዚያ እንግዶቹ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደሚበተኑ፣ ግማሹ ክፍለ ሀገር እንደሚገባ፣ እነሱን አግቶ ማቆየት እንደማይችል ነገረው። እስከዚያ ሌላ ሰው ካልቀረበ፣ አቶ ይገዙ ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባሉ፤ በነፍስ ግድያ።

ገሜዳ ሰዓቱን አየ። አንድ ቀን ከግማሽ እንኳ አልቀረውም።

ማረፊያ ቤት ሄዶ ሽማግሌውን አገኛቸው። ቀበቷቸውንና የጫማ ክራቸውን ተቀብለዋቸዋል፤ ሱሪያቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው ተነሡለት።

«ይቀመጡ አባባ። እኔ ኮሌጁን አውቀዋለሁ። ቁልፍ ለሰው የሰጠ ዘበኛ ምን እንደሚደርስበትም አውቃለሁ።»

«ጡረታዬ ሁለት ወር ነው የቀረው» አሉ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው።

«ሰኞ የሚጠየቁት ስለ ጡረታ አይደለም። ስለ ነፍስ ነው።»

ያኔ ተናገሩ። ወይዘሮ ተሻለች አንድ ሰዓት ላይ መጥተው ቁልፉን ለመኗቸው። ሠላሳ ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ እምቢ እንዴት ይሏቸዋል። ለምንድነው ቢሏቸው፣ የንስሐ አባቴ ያዘዙኝን ልፈጽም ነው፣ ሰው ይመጣልኛል አሏቸው። ሰውየው ማን እንደሆነ አቶ ይገዙ አላዩም። ከበሩ ሆነው ወደ መዝገብ ቤቱ የሚሄድ ነጭ ቲሸርት አይተዋል፤ ከሩቅ፣ ከጀርባ። ያን ጠዋት ነጭ ቲሸርት ያልለበሰው ውሻው ብቻ ነው።

ገሜዳ ሲወጣ ነገሩ መልክ ይዞለት ነበር። አሮጊቷ በዘጠና ሰባት የአንድ ሰው ውጤት ነካክተዋል። አሁን ሊናዘዙት፣ ሊያስተካክሉት ፈለጉ። ጊዜው ደግሞ የማስረጃ ማጣራት ጊዜ ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱ ሰው ዲግሪውን እያቀረበ እየተመረመረ ነው። ከስልሳው አንዱ ዲግሪ የለውም። እንደኔው፣ ብሎ አሰበ፤ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ወዲያውም ራሱን ጠረጠረ። መርማሪ ሲደሰት ዓይኑ ይታወራል።

ከሰዓት በኋላ በላውንጁ አንድ ጥግ ጠረጴዛ ይዞ እያንዳንዱን እየጠራ ቃል ተቀበለ። ስም፣ ሥራ፣ ስልክ ቁጥር፣ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት የት ነበርክ። ሁሉም ክፍሉ ነበር። ሁሉም ቲሸርቱን እየቀየረ፣ ሁሉም ብቻውን። አንዳንዱ ቃሉን ከመስጠቱ በፊት የሥራ ማዕረጉን ይነግረዋል፤ አንዱማ ካርዱን አውጥቶ ሰጠው።

የስብሰባው አዘጋጅ ዶክተር ታዲዮስ ነው። እግሩን አጣምሮ ተቀመጠና፣ «ይኼ ነገር ቶሎ ያልቃል አይደል፣ የኔ ወንድም? ያዛችሁት ሰውዬ አለ ሲባል ሰምቻለሁ» አለ። አላወቀውም። ሃያ ሦስት ዓመት በሆዱ ሲያመላልሰው የኖረው ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ አላወቀውም።

«እስከ ፎቶው ድረስ ክፍሌ ነበርኩ» አለ ታዲዮስ።

ፎቶ አንሺው ግን ሁለት ጊዜ ነው ያነሳው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በተነሳው የመጀመሪያ ፎቶ ውስጥ ታዲዮስ የለም። አልማዜ ከካሜራው ላይ ያየችውን ጎንበስ ብላ ለገሜዳ ነገረችው። ሰውየው በሩን ሲያይ፣ ጆሮውን ሲዳብስ ገሜዳ ልብ አለ። የጽዳት ሠራተኛዋም የታዲዮስን ክፍል አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አንኳኩታ ባዶ ሆኖ እንዳገኘችው ተናግራለች።

«ዶክተር፣ ክፍልዎ አልነበሩም።»

«ሻወር ውስጥ ሆኜ ይሆናል።»

«ውኃ ከሐሙስ ጀምሮ ጠፍቷል። እዚህ ሰፈር ፈረቃው ማክሰኞ ነው።»

ታዲዮስ ያጣመረውን እግሩን ፈታ። ገሜዳ ወደፊት ጠጋ አለ። አንድ ቃል ብቻ ቢስት፣ አንድ ብቻ። «የውጤት መዝገቡን የት አደረሱት?» አለው ድንገት።

«የምን መዝገብ?» ሰውየው ግራ ተጋባ። ግራ መጋባቱ የእውነት ነው፤ ገሜዳን ያናደደውም ይኸው ነው። ከዚያ ዶክተሩ ሳጅኗ ትውጣልኝ አለ። አልማዜ ስትወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ከሩብ ጀምሮ ቤቴል ፀጉር ቤት እንደነበር ነገረው። ፀጉሩን ቀለም ሲያስቀባ። ለፎቶው። ሰው እንዳያውቅ ብሎ ራቅ ብሎ ሄዶ ነው። አንገቱን ሲያዞር ከጆሮው ጀርባ ያልታጠበ ጥቁር ቀለም ታየ።

ፀጉር አስተካካዩ በስልክ ተጠየቀ። «አዎ፣ ሁለት ጊዜ ነው የቀባሁት፤ ሽበቱ አልቀበል ብሎ አስቸገረኝ» አለ። ከወንበሩ የተነሳው ሁለት ሰዓት ከአርባ ነው።

ሃያ ሦስት ዓመት የተጠበቀ ነገር በአንድ ብልቃጥ ቀለም ታጠበ። ገሜዳ እስክሪብቶውን አስቀምጦ መስኮት መስኮቱን አየ።

ቀጥላ የገባችው ሴት ከበሩ ላይ ቆም አለች። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች፣ ዓይኗ በለቅሶ ያበጠ። ሜሪ ገብረማርያም፤ ዘነበወርቅ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት።

«ገሜዳ አይደለህ እንዴ?» አለችው። «የገብስ ቆሎ ይዘህ የምትመጣው ገሜዳ?»

ከስልሳው ያወቀችው እሷ ብቻ ናት። በዚያ የውርደት ሳምንት ማስታወሻዋን ይዛ ዶርሙ ደጃፍ ድረስ የመጣችውም እሷ ብቻ ነበረች፤ በግል ሆነህ ተፈተን፣ ይኼ ይጠቅምሃል ብላ። ደብተሩን እስከ ዛሬ አልጣለውም፤ ይህንን ግን አልነገራትም።

የጠየቃት ጥቂት ነው። እሷም እንደ ሌሎቹ ክፍሏ ነበረች። ስለ ወይዘሮ ተሻለች ስትናገር ድምፅዋ ተቆረጠ። ተማሪ ሲቸግረው ሳይጠየቁ የሚረዱ ሰው ነበሩ አለች። ልትወጣ ስትል ዞር ብላ፣ «ልጃቸው አራስ ናት። መርዶውን አደራ፤ በድንገት እንዳትሰማ» አለችው።

እሺ አላት። ጥሩ ሰው ነሽ ሊላትም ፈልጎ ነበር።

ገሜዳ ቤቴል የደረሰው አስር ሰዓት ላይ ነው። የወይዘሮ ተሻለች ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ያለ፣ አጥሩ በቆርቆሮ የታጠረ ነው። ግቢው ውስጥ አምስት ስድስት ሴቶች ምንም እንዳልሆነ ሰው ሽንኩርት ይልጣሉ፤ ግን አንዳቸውም አያወሩም። እትዬ የኔነሽ የሚባሉት ጎረቤት፣ የእድሩ የሴቶች ተጠሪ፣ በሩ ላይ ያዙት።

«ፖሊስ መሆንህ ገብቶኛል» አሉ በሹክሹክታ። «ልጅቷ አልሰማችም። ከወለደች አሥራ አንደኛ ቀኗ ነው። ነገ ማለዳ ንስሐ አባታቸው ሲመጡ ነው የሚነገራት። አፍህን ጠብቅ።»

ስለዚህ ገሜዳ ከኮሌጁ የመጣ ሰው ሆኖ ገባ። ኪዳን አልጋዋ ላይ ተደግፋ ሕፃኗን ታጠባለች። እናቷ ካባ ሲደረብላቸው ማየት ባለመቻሏ ከፍቷታል።

«ደስ ብሏቸዋል ጋሼ?»

«ሰው ሁሉ ስለሳቸው ነው የሚያወራው» አላት። ውሸት አልተናገረም። ከምርመራው ሁሉ ይኼ ነው የከበደው፤ የሞተ ሰው እንደ ቆመ እያወሩ መረጃ ማውጣት። እናቷ ዓርብ ሲመለሱ እንዴት እንደነበሩ እንደ ዋዛ ጠየቃት። እንቅልፍ አልወሰዳቸውም አለች። «የሠራሁትን ሥራ ላፈርሰው ነው፤ የሰው እንጀራ ግን አብሮ ይፈርሳል» እያሉ ሲገላበጡ አደሩ። የማን እንጀራ እንደሆነ አልነገሯትም። ጠዋት ሲወጡ ግን ስልካቸው ቻርጅ ስላልነበረው ቤት ትተውት ሄደዋል።

«እስቲ በርስዎ ስልክ ኮሌጅ ያለ ሰው ጋ ይደውሉልኝና ላግኛት። የኔን እትዬ የኔነሽ ለሕፃኗ ጥሩ አይደለም ብላ ከጠዋት ጀምራ ወስዳብኛለች። ቴሌቪዥኑንም ነቀለችው።»

ገሜዳ ካርድ የለኝም ሊል አፉን ከፍቶ ቆመ። «ከጠዋት?» አለ። «ስንት ሰዓት ላይ?»

«ልጄን ሳጥባት ነዋ። ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው።»

ደህና ዋይ ብሎ ወጣ። እትዬ የኔነሽን ከሽንኩርቱ አስነስቶ ከአጥሩ ጥግ ወሰዳቸው። የሞቱን ወሬ መቼ እንደሰሙ ጠየቃቸው። እሳቸው ደግሞ የተወቀሱ መስሏቸው ተቆጡ። እድሩ ወዲያው ነው የተንቀሳቀሰው፣ ስልክ እንደተደወለ በደቂቃ ውስጥ ነው ልጅቷን የከበብናት አሉ።

«ማን ደወለ?»

«ከኮሌጁ ነው። ስሟን አልነገረችኝም። 'ኪዳን ዛሬ ብቻዋን እንዳትሆን፣ ስልኳን ውሰዱባት፣ ምክንያቱን አትጠይቁኝ' አለችኝ። እያለቀሰች ነው። ስንት መርዶ ያረዳሁ ሰው ነኝ፤ ገባኝ።»

ስልካቸውን ተቀብሎ አየው። ጥሪው የገባው አንድ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ነው። ወይዘሮ ተሻለች የተገኙት ሦስት ሰዓት ከአስር ነው። አንድ ሰዓት ከአሥራ ስምንት ደቂቃ ሙሉ፣ ሞታቸውን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያም ሰው ለአራሷ ተጨንቆ ስልክ ደውሏል። ሌላ አገር ቢሆን ገዳይ ይሸሻል፣ አሻራውን ያጠፋል። እዚህ ግን መርዶ የሚባል ነገር አለ፤ ከሕፃንነት ጀምሮ ደም ውስጥ የገባ። ነፍስ አጥፍቶም ቢሆን እጅ ወደ ስልኩ ይሄዳል።

«ቁጥሩ ዓርብ ማታም ደውሎ ነበር» አሉ እትዬ የኔነሽ። «ያኔ ተሻለች ራሷ ናት ያወራችኝ። ስልኬ ሞቶብኝ ከአንዲት ልጅ ለምኜ ነው፣ አራሴ እንዴት ናት አለችኝ።»

ገሜዳ ከኪሱ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። የስልሳ ሰው ስልክ በራሱ እጅ ጽፎታል። የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች እያየ ከላይ ወደ ታች ወረደ። የታዲዮስ ላይ ሲደርስ ጣቱ ሳይፈልግ ቆም አለ፤ አልገጠመም። ገጹን ገለጠ። ከሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ገጠመ። ሦስት ጊዜ ደግሞ አየው። ከስልሳው አንዱን ምረጥ ቢሉት በመጨረሻ የሚመርጣት እሷን ነበር።

እሁድ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሌሎቹ በመስኩ ዳር ችግኝ ይተክላሉ። ሜሪ ክፍሏ ሻንጣዋን ስትዘጋ አገኟት። አልማዜ በሩ ላይ ቆመች። ገሜዳ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ እንዴት እንደሚጀምር ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ ነበር፣ አሁን ሁሉም ጠፋበት።

«ለእትዬ የኔነሽ የደወልሽው አንድ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ነው» አላት።

ሜሪ መነጽሯን አወለቀች። አልካደችም፤ ለመካድም አልሞከረች።

«አራስ ናት እኮ፣ ገሜዳ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ድምፅዋን ሳታነሳ ተረከችለት። በመጨረሻው መንፈቅ አባቷ ሞተው አንድ ፈተና ሳትፈተን ቀረች። ወይዘሮ ተሻለች አዘኑላትና ማንም ሳይጠይቃቸው በባዶው ቦታ ላይ ውጤት ጻፉላት። በዚያ ወረቀት ሃያ ዓመት አስተማረች፣ ምክትል ሆነች። ዓርብ እራት ላይ አሮጊቷ እጇን ይዘው ሊናዘዙት እንደሆነ ነገሯት። ቅዳሜ ጠዋት መዝገቡን ለአዲሱ ሬጅስትራር ሊያስረክቡ ነው፤ አንቺም ባለሽበት ይሁን ብለው ጠሯት። ለመነቻቸው። ሁለት ልጆች አሉኝ አለቻቸው። እሳቸው መዝገቡን በደረታቸው አቅፈው መውረድ ጀመሩ። ክንዳቸውን ያዘች፤ ሲያስለቅቁ እግራቸው ሳተ።

«ወርጄ ትንፋሻቸውን አዳመጥኩ። የለም። መጀመሪያ የመጣብኝ ልጃቸው ናት።»

መዝገቡ ሻንጣዋ ውስጥ በፎጣ ተጠቅልሎ ነበር። ለምን እንዳላቃጠለችው ሲጠይቃት የስልሳ ሰው ውጤት አለበት አለችው፤ የነሱ ምን አደረገ።

ገሜዳ ጥራዙን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶታል፤ የሚፈራውም እሱን ነው።

«አቶ ይገዙ ታስረዋል። ሲሚንቶ ላይ ነው ያደሩት። ታውቂ ነበር?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሻንጣሽን እያዘጋጀሽ ነበር።»

ሜሪ መነጽሯን መልሳ አደረገች። ለአራሷ ስልክ የደወለ እጅ ለዘበኛው አልደወለም። ለስልሳው ሰው ውጤት ያሰበ ልብ ለአንድ ሽማግሌ አላሰበም። ምናልባት ክፉ ስለሆነች አይደለም። ምናልባት ዘበኛ የሚባል ሰው በሷ ቁጥር ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ገሜዳ ይህንን ዓይነት አለመቆጠር ያውቀዋል፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ግን ከሷ አልጠበቀውም። ሃያ ሦስት ዓመት ያቆየው ደብተር ዋጋ ሲያጣ ተሰማው።

በመምሪያው የተጠርጣሪ ቅጽ ሲሞላ፣ ከዕድሜ ቀጥሎ የትምህርት ደረጃ የሚል መስመር አለ። እስክሪብቶው እዚያ ላይ ቆመ።

«አስራ ሁለተኛ ክፍል በለው» አለችው ራሷ፣ ወደ ግድግዳው እያየች። ጻፈው።

ኮማንደር ሮቤራ ነገሩን ሲሰማ ቆይቶ ጥሩ ሥራ ነው አለ። ወዲያው ደግሞ ከእንግዶቹ አንዷ መሆኗ ሳይጋነን ይውጣ አለና ስልኩን አነሳ። ገሜዳ ፈርሞ ወጣ።

አቶ ይገዙ ስምንት ሰዓት ላይ ተፈቱ። ቀበቷቸውን ታጠቁ፣ ጫማቸውን አሰሩ፣ ጋቢያቸው ማስረጃ ስለሆነ ቀርቶባቸው በሸሚዝ ብቻ ግቢው ላይ ቆሙ። አመሰግናለሁ አላሉም። መሄድም አልፈለጉም።

«ቁልፉን መስጠቴን ጻፉት?» አሉ።

«ጻፍኩት አባባ። እሱ ባይጻፍ አይፈቱም ነበር።»

«እንግዲህ ኮሌጁ ያባርረኛል።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱ ይሁን። ሰፈሬ ግን ነፍሰ ገዳይ ነው ብሎ ነው ያደረው። ሚስቴ ደጅ አልወጣችም ብለውኛል። ወረቀት ይስጡኝ።»

«የምን ወረቀት?»

«እኔ እንዳልገደልኩ የሚል። ማህተም ያለበት።»

እንዲህ ያለ ወረቀት በመምሪያው የተለመደ አልነበረም። ገሜዳ ተመልሶ ገባና ለሚመለከተው ሁሉ ብሎ ጀምሮ በራሱ እጅ ጻፈ። አቶ ይገዙ በወይዘሮ ተሻለች ሞት ተጠርጥረው መያዛቸውን፣ ምርመራው ተጣርቶ ከጉዳዩ ጋር ምንም ንክኪ እንደሌላቸው መረጋገጡን፣ ከዛሬ ጀምሮ በነፃ መለቀቃቸውን። ፈረመበት፣ ማህተሙን ረገጥ አድርጎ አሳረፈው።

ሽማግሌው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ገለበጡት፣ ማህተሙን በጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ መለሱለት።

«ያንብቡልኝ።»

ግቢው ውስጥ ቆሞ አነበበላቸው። ተረኛው ፖሊስ ቀና ብሎ አየ፤ ከሳሽና ተከሳሽ የሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ የተቀመጡ ሰዎችም ወሬያቸውን አቆሙ።

አቶ ይገዙ እስኪጨርስ አቀርቅረው ሰሙ።

«አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» አሉ፣ «ትንሽ ጮክ ብለው።»

ገሜዳ ወረቀቱን ቀና አድርጎ ያዘና ከላይ፣ ከስማቸው ጀመረ።